ትንበያ የሚያበቃው የትኛው አድማስ ላይ ነው?

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ፊዚክስ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጥቁር ጉድጓድ ስንማር መምህራችን «ከኩነት አድማሱ ወዲያ የፊዚክስ ሕግ አይሠራም፤ ምን እንደሚሆን መተንበይም አይቻልም» ብለው ወደ ቀጣዩ ርእስ አለፉ። እጄን ሳወጣ ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ቤት ገብቼ ቀመሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ጥቁር ጉድጓድ ብትሆን የአድማሷ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ ተመልሶ የማይወጣበት ዳሯ፣ ራዲየስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የምድር 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት፤ ከዳር እስከ ዳር 18 ሚሊ ሜትር፣ የልጄ ብይ ማለት ነው። ምድር ከነተራራዋ ከነውቅያኖሷ አንዲት ብይ ውስጥ ብትጠቀጠቅ ብርሃን አያመልጣትም። እስከዚህ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያች ርቀት ላይ ቀመሩ ውስጥ ያለው አንዱ ቁጥር ማለቂያ የሌለው ይሆናል። የክፍል ጓደኛዬ ግን «ሕመሙ የቀመሩ እንጂ የቦታው አይደለም» አለኝ። እሱ ካለው፣ አድማሱ ላይ የሚሰበር ነገር ከሌለ፣ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መጪውን መናገር የሚያቅተው የት ላይ ነው?

ጠርጣራው

ነገር ታጠብቃለህ ወንድሜ። አድማስ ማለት ከዚያ ወዲያ አይታይም ማለት ነው። የማይታየውን እተነብያለሁ ማለት ደግሞ ጥንቆላ ነው። መምህርህ ልክ ናቸው።

እርሳስና ወረቀት

ጠርጣራው፣ «አይታይም» እና «አይወሰንም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ ያለው ወጥ አይታየኝም፤ እኔ ስላላየሁት ግን መንተክተኩን አይተውም። እሳቱ፣ ውኃውና ጨው የሚሠሩትን ይሠራሉ። የጥቁር ጉድጓድ የኩነት አድማስ ክዳን ነው። ከውጭ ላለ ሰው ይደብቃል እንጂ ከሥሩ ያለውን አያሰናክልም።

አማርኛው ራሱ ትንሽ ያሳስታል። አድማስ ስንል ኮረብታ ላይ ሆነን የምናየው ሰማይና ምድር የተገናኙ የሚመስሉበት መስመር ነው፤ ስንራመድ አብሮን ይራመዳል። የጥቁር ጉድጓዱ ግን ከማንም ጋር አይራመድም፤ ያለፈው ሰው አለፈ፣ ተመልሶ አይወጣም።

የክፍል ጓደኛህ የነገረህ እውነት ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይህን ለመቀበል ግን ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሽቫርዝሺልድ ያንተን ቀመር፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ጥቁር ጉድጓድ የሚገልጸውን የአንስታይን ቀመሮች መልስ፣ ያገኘው በ1915 መጨረሻ በሩሲያ ጦር ግንባር ወታደር ሆኖ ሳለ ነው። ሥራው በ1916 ታተመ፤ እሱም በዚያው ዓመት አረፈ። ያቺን ርቀት የዓለም መጨረሻ ግንብ አድርገው የቆጠሯት ብዙዎች ነበሩ። ቤልጅጋዊው ቄስ ጆርጅ ሌሜትር በ1933 ግንቡ የመለኪያችን እንጂ የተፈጥሮ አለመሆኑን አሳየ፤ የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በ1956 ቮልፍጋንግ ሪንድለር «የኩነት አድማስ» የሚለውን ስም ሰጠ። በ1958 ደግሞ ዴቪድ ፊንክልስታይን አድማሱ ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ በር መሆኑን ግልጽ አድርጎ ጻፈ።

በቁጥር እንየው። ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከፀሐያችን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ይከብዳል። የአድማሱ ራዲየስ 19 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኔፕቲዩን ከፀሐይ ካላት ርቀት ከ4 እጥፍ በላይ። ሽክርክሪቱን ለጊዜው እንተወውና ከሩቅ ዝም ብሎ እየወደቀ የመጣ ሰው ጠዋት በ12 ሰዓት አድማሱን አለፈ እንበል። ምንም አይሰማውም። የእጅ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሻዩ ፔርሙስ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ወርውሮ የያዘው ብርቱካን በምናውቀው ሕግ ይመለሳል። ማታ በ12 ሰዓት ገደማ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ሞተር አስነስቶ ቢፍጨረጨርም ከ28 ሰዓት አያልፍም። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ አንስታይን መናገር ያቃተው አንድም ነገር የለም።

ታዲያ የት ነው የሚያቅተው? በ1952 ኢቮን ሾኬ-ብሩሃ የተባለች ፈረንሳዊት የሒሳብ ሊቅ ትልቅ ነገር አረጋገጠች። ዓለም በአንድ ቅጽበት እንዴት እንደነበረች ሙሉውን ከሰጠኸኝ፣ የአንስታይን ቀመሮች ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ ብቻ አድርገው ይወስኑልሃል። በ1969 ከሮበርት ጌሮች ጋር ሆና ደግሞ ከዚያች ቅጽበት ተነሥቶ ሊወሰን የሚችለው ትልቁ ዓለም አንድና አንድ መሆኑን አሳዩ። ጥያቄህ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ትልቁ ዓለም ዳር አለው? ዳር ካለው፣ ከዳሩ ወዲያ ሌላ ቦታ አለ? እንዲህ ያለ ዳር ሲኖር የኮሺ አድማስ ይባላል። በአንተ ቀመር፣ በማይሽከረከረው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። መንገዱ ያልቃል እንጂ መንታ አይሆንም።

የማታ ተማሪ

መምህር፣ ድስቱ ገብቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። (ለሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው አጻጻፍ ነው ብዬ ነው «መምህር» ያልኩዎት።) አሁን መንታ የሚሆነውን መንገድ አሳዩኝ።

እርሳስና ወረቀት

ሠላሳ አንድ። መንታውን መንገድ ወለተ ሰማይ ብትነግርህ ይሻላል፤ እንጀራዋ ነው።

ወለተ ሰማይ

እንጀራዬ እንኳን ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ በኮምፒውተር ማስላት ነው፤ ግን እሺ።

እውነተኛ ጥቁር ጉድጓዶች ይሽከረከራሉ። የሚሽከረከረውን በቀመር የገለጸው በ1963 ኒውዚላንዳዊው ሮይ ኬር ነው። በእሱ መልስ ውስጥ ሁለት አድማሶች አሉ። ውጪኛው መምህር ያሉት ክዳን ነው። ውስጠኛው ግን የኮሺ አድማስ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከሚወድቀው ሰው ጋር ውረዱ። ወደ ውስጠኛው አድማስ እየተጠጋ ዞሮ ወደ ውጭ ቢያይ፣ የውጪው ዓለም ታሪክ እየፈጠነ ይታየዋል። የልጆቹ እርጅና፣ የልጅ ልጆቹ፣ የፀሐይ መሞት፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣው ሁሉ። አድማሱን በሚነካባት ቅጽበት የውጪው ዓለም ለዘላለም ሊልከው የሚችለውን ወሬ ሁሉ ጨርሶ ተቀብሏል። ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ነገር ከሲንጉላሪቲው፣ ማለትም ቀመሩ ከሚፈርስበት ሥፍራ፣ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ምን እንደሚወጣ የሚወስን ሕግ የለም። ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ላኪ ግን የለውም። ያለፈውን ሁሉ ጥርት አድርገህ ብታውቅ እንኳ ቀጣዩን አታውቅም። ጠያቂያችን የፈለገው ስብራት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የሚያጽናናው። እንግሊዛዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ በ1968 ያየው ነገር አለ። ያ ሁሉ የዘላለም ብርሃን ባንዲት አጭር ጊዜ ውስጥ ተጨምቆ ሲደርስ ጉልበቱም አብሮ ያብጣል። የዓመቱ ዝናብ በሙሉ በአንድ ደቂቃ ቢወርድብህ እንደማለት ነው። ስለዚህ የኬር ውስጠኛ አድማስ ወረቀት ላይ ሲታይ ለስላሳ ቢሆንም፣ ጥቂት ብርሃን ወይም ጥቂት የስበት ሞገድ ሲጨመርበት ይበላሻል። ኤሪክ ፖይሰን እና ቨርነር እስራኤል በ1990 ብልሽቱን በስሌት ተከትለው እዚያ አካባቢ የስበቱ ግዝፈት ያለ ገደብ እንደሚያብጥ አሳዩ። ፔንሮዝ ከዚህ ተነሥቶ ያስቀመጠው ግምት በአጭሩ፣ ተፈጥሮ መንገዱ መንታ ከመሆኑ በፊት ትዘጋዋለች የሚል ነው። ግምት ነው፤ እስካሁን በምልዓት አልተረጋገጠም።

በዚህ ላይ በ2017 ሚሃሊስ ዳፈርሞስ እና ጆናታን ሉክ ብዙዎቻችንን የገረመን ሥራ አወጡ። ከውጭ ያለው የኬር ዓለም እንደሚጠበቀው የተረጋጋ ከሆነ፣ የኅዋ-ጊዜው፣ ማለትም ቦታና ጊዜ አብረው የተሸመኑበት፣ ጨርቅ ውስጠኛው አድማስ ላይ አይቀደድም፤ ከዚያም ወዲያ ሊዘረጋ ይችላል። ይህ የግምቱን ጠንካራ አነጋገር ያፈርሰዋል። ነገር ግን የሚጠበቀው፣ ጨርቁ ባይቀደድም ክፉኛ ስለሚጨማደድ የአንስታይንን ቀመር እዚያ ላይ መጻፍ እንደማይቻል ነው። ግምቱም ለዘብ ባለ አነጋገር በሕይወት አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔ ድል አይመስለኝም። ቤቱ አልፈረሰም፣ ግን አይገባበትም እንደማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2018 ቪቶር ካርዶሶና ባልደረቦቹ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ጥቁር ጉድጓድ እየተለጠጠ ባለ ዓለም ውስጥ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን አሰሉ። መለጠጡ የሚወድቀውን ብርሃን ያዳክመዋል፤ ዝናቡ ወደ ካፊያ ይለወጣል። የተሸከመው ሙል ወደ ላይኛው ወሰን ሲጠጋ አድማሱ ቀመሩ ሊሻገረው እስኪችል ድረስ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ትንበያ በእርግጥ ይሰበራል። እንዲህ ያለ ሙል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ግን ሰማይ ላይ አይጠበቅም። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የሚሽከረከረውን በተመሳሳይ መንገድ ሲፈትሹት ግምቱ እንደጸና አገኙት። እንግዲህ ተፈጥሮ የመረጠችው ደህነኛውን ነው።

ጠርጣራው

ድስቱ አሸንፎኛል፤ ቃሌን አንሥቻለሁ። ግን ሁላችሁም ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ገብታችሁ ቀራችሁ። እኔ ምድር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ምንም ጥቁር ጉድጓድ ሳይኖር፣ የነገን በእርግጠኝነት ማወቅ የምችል ይመስላችኋል?

እርሳስና ወረቀት

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከድስቱ ይልቅ የሚያበሳጭ ነው። አትችልም።

ነገ በዚህ ሰዓት የሚደርስብህን ለመወሰን፣ ብርሃን በአንድ ቀን ተጉዞ ሊደርስብህ ከሚችልበት ሉል ውስጥ ያለውን ሁሉ ዛሬ ማወቅ አለብህ። የሉሉ ራዲየስ 26 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰው እጅ ሥራ እስከዚያ ዳር የተጠጋችው መንኮራኩሯ ቮዬጀር 1 ናት፤ ምልክቷ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጃል። አሁን አስተውል። ዛሬ ስለዚያ ዳር የምታውቀው የትናንቱን ነው። የዛሬውን የምታውቀው ነገ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚደርስብህ ነገር አብሮት ደርሷል። ጠፍጣፋና ስበት በሌለበት ኅዋ-ጊዜ እንኳ ይኸው ነው፤ ጌሮች በ1977 በጽሑፍ አሳይቶታል።

ምሳሌ ልስጥህ። የካቲት 23 ቀን 1987 (የእነሱ የካቲት) ትልቁ የማጀላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ። ከእኛ 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ብርሃኑ ከመታየቱ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት የነበሩ የከርሰ ምድር መሣሪያዎች በድምሩ ሁለት ደርዘን የሚሆኑ ኒውትሪኖዎችን (ሁሉን ሰንጥቀው የሚያልፉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን) ያዙ። ኒውትሪኖው ቀድሞ የመጣው ከብርሃን ፈጥኖ አይደለም፤ ከኮከቡ ሆድ ቀድሞ ስለወጣ ነው። ፍንዳታው የሆነው ከ168,000 ዓመት በፊት ነው፤ ከዋዜማው ማንም አያውቅም። ዜናውና ነገሩ አንድ መንገደኛ ናቸው።

ይህ ግን ከኮሺ አድማስ ጋር አይምታታባችሁ። የኮከቡ ፍንዳታ በሕግ የተወሰነ ነበር፤ መረጃው ነው ያልደረሰን። ወለተ ሰማይ ያለችው ደግሞ መረጃው ሁሉ ቢኖርህም ሕጉ ዝም የሚልበት ነው። የመጀመሪያው ድንቁርና ነው። ሁለተኛው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም፤ ድንቁርና ግን አይደለም።

ዝምተኛው

ስከታተላችሁ ነበር። አንድ ቦታ «የኩነት አድማስ አሁን በተቀመጥክበት ክፍል ውስጥ እያለፈ ሊሆን ይችላል» የሚል አንብቤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው?

ወለተ ሰማይ

ቀልድ አይደለም። ከሁሉም አቅጣጫ ወደ እኛ እየወደቀ ያለ፣ ገና ያልደረሰ፣ እጅግ ከባድ የብርሃን ቅርፊት አለ እንበል። በብርሃን ፍጥነት ስለሚመጣ ሊታይ አይችልም። የኩነት አድማሱ ቅርፊቱ ከመድረሱ በፊት መሃል ላይ እንደ ነጥብ ተወልዶ፣ ባዶው ቦታ ላይ እየሰፋ፣ በክፍልህ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። መጋረጃህ አይንቀሳቀስም። አንተም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መውጫ የሌለህ ሰው ነህ፤ አታውቅም እንጂ።

ምክንያቱ ትርጓሜው ውስጥ ነው። የኩነት አድማስ «ብርሃን ለዘላለም ሊወጣ የማይችልበት ዳር» ነው። ለዘላለም የሚለው ቃል ስላለበት፣ መጪውን በሙሉ ሳታውቅ ዳሩን ልታመለክት አትችልም። እኛ ስንሠራ እንዲህ ነው የሚሆነው። የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ግጭት ስናሰላ ኮምፒውተሮቹ ለሳምንታት ይሠራሉ። በመሃል ላይ «አድማሱ የት ደረሰ?» ብትለኝ አልመልስልህም። ስሌቱ አልቆ፣ የተዋሐደው ጉድጓድ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ፣ ከመጨረሻው ተነሥተን የብርሃን ጨረሮችን ወደ ኋላ እንለቃለን። እነሱ ወደ ኋላ በተጓዙ ቁጥር አድማሱ ላይ ይለጠፋሉ። ያኔ ነው ሁለቱ አድማሶች እንዴት እንደተገናኙ የምናየው፤ ቅርጹ ሁለት እግር ያለው ሱሪ ይመስላል። ስሌቱ እየሄደ እያለ የምንጠቀምበት ሌላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ውጭ የተላከ ብርሃን መስፋት ያቆመበትን ገጽ እንፈልጋለን።

ሳልረሳው፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2019 የወጣውን የኤም 87 ምስል «የአድማስ ፎቶ» የሚሉ አሉ። የሚታየው ጥቁር ክብ ጥላ ነው፤ ስፋቱ ከአድማሱ 2.6 እጥፍ ያህል ነው። አድማሱን ማንም ፎቶ አላነሣውም፤ ሊያነሣውም አይችልም።

ወሬ አዋቂ

በዚህ ጉዳይ ላይ ውርርድም ተደርጎበታል እኮ። ስቲቨን ሆኪንግ በ1991 ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ከኪፕ ቶርንና ከጆን ፕሬስኪል ጋር ተወራረደ። ክዳን የሌለው፣ ራቁቱን የቆመ ሲንጉላሪቲ በተፈጥሮ አይገኝም ብሎ ነው። የተሸነፈ ለአሸናፊው ራቁትን የሚሸፍን ልብስ ይገዛል። ማቲው ቾፕቱይክ በ1993 በኮምፒውተር እንዳሳየው፣ የሚወድቀውን ሞገድ በመርፌ ቀዳዳ ልክ ካስተካከልከው ራቁቱ ይገኛል። ሆኪንግ በ1997 እጁን ሰጥቶ ቲሸርት ገዛ። ወዲያው ግን ውሉን አጥብቆ፣ «ሳይስተካከል በራሱ የሚፈጠር» በሚል አዲስ ውርርድ ገባ። ውርርድም እንደ ቤት ኪራይ ውል በጠበቃ መጻፍ አለበት ማለት ነው።

ጥቁር ጉድጓድ የዋጠው መረጃ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የተባለበትን ውርርድም ልጨምር፤ ሆኪንግ በ2004 ደብሊን ላይ ተሸንፌያለሁ ብሎ ለፕሬስኪል የቤዝቦል ኢንሳይክሎፒዲያ...

የመድረኩ አስተባባሪ

የመረጃው ጉዳይ የኳንተም ፊዚክስ ስለሆነ በራሱ ክር ይከፈት። እዚህ በአጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም በአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ እንወሰን።

የማታ ተማሪ

ሌሊቱን በሙሉ ስሥል አደርኩ። ሥዕሉን አያይዣለሁ። ጊዜ ወደ ላይ፣ ርቀት ወደ ጎን። በግራ በኩል የማይሽከረከረው፣ በቀኝ በኩል የሚሽከረከረው። በሁለቱም ሲንጉላሪቲውን መሃል ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጌ አቁሜዋለሁ። ውስጠኛውን አድማስም አጠገቡ እንደ ምሰሶ። ልክ ነኝ?

እርሳስና ወረቀት

ቀኝ ያለው ምሰሶ ልክ ነው፤ ግራ ያለው አይደለም። ስሕተትህ ደግሞ የጥያቄህ መልስ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትዘን።

በማይሽከረከረው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጉላሪቲው ቦታ አይደለም፤ ጊዜ ነው። እንደ ጣሪያ አግድም ሣለው። የሚወድቀው ሰው «ወደ መሃሉ» አይደለም የሚሄደው፤ እንደ ማክሰኞ ነው የሚመጣበት። ማክሰኞን ሰኞ ላይ ሆነህ አታየውም፤ ከማክሰኞም ወደ ሰኞ የሚመጣ ደብዳቤ የለም። ለዚህ ነው ያ ሲንጉላሪቲ የማንንም ትንበያ የማያበላሸው።

በኬር ግን ሲንጉላሪቲው በእርግጥ ምሰሶ ነው። ቦታ ስለሆነ ልትሸሸው ትችላለህ፤ ቆመህ ልታየውም ትችላለህ። የሚታይ ከሆነ ወሬ ይልካል፤ ላኪ የሌለው ደብዳቤ የሚመጣው ከዚያ ነው። ውስጠኛው አድማስ ደግሞ ምሰሶ አይደለም፤ ያ ደብዳቤ መድረስ የሚጀምርበት ዳር ስለሆነ እንደ ብርሃን መንገድ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። እንደገና ሣልና ላክልኝ።

የማታ ተማሪ

ማክሰኞ ክፍል አለን፤ ሥዕሉን ይዤ እሄዳለሁ። ዲግሪ መለኪያ ግን የለኝም፤ ከልጄ ቦርሳ ልፈልግ።

እርሳስና ወረቀት

ልጁን አትቀስቅሰው። የካሬ ደብተር ካለህ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ማዶው ማዕዘን አስምር፤ 45 ነው።